የመስመሩ ጫፍ የጠፋብኝ ዓመት

ይህን የምጽፈው ለሽማግሌዎች ነው። በተለይ እንደኔ «ያልፋል» እያሉ ለሚቀመጡት፣ ሐኪም ቤት መሄድ መሸነፍ ለሚመስላቸው። ወጣት ቢያነበውም አልቀየምም፤ አባቱን ይይበት። ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ደሴ ጋራዥ ስሠራ ነው። ስለዚህ ቃሉ ቢወላገድ ታገሡኝ። ጓደኛዬ ተክሌ ፊደሉን አርሞልኛል። ሐሳቡን እንዳይነካ ግን አስጠንቅቄዋለሁ፤ አስተማሪ ስለነበረ እጁን ይበላዋል።

ስሜ አስፋው ነው። ሮም ከገባሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሃያ ስድስቱን የአንድ ሕንፃ ፖርቲዬሬ ሆኜ ሠራሁ፤ በር ጠባቂም፣ ደረጃ ወልዋይም፣ ደብዳቤ አዳይም ማለት ነው። በፖስታ ላይ የተጻፈ ስም ማንበብ ለምጃለሁ። ከዚያ ያለፈ ንባብ አልነበረኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር ከልጄ ከሣራ ጋር እኖራለሁ። እናቷ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ።

ነገሩ የጀመረው በእልህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቪያ ቮልቱርኖ ከሚባል መንገድ ላይ ካለች አንዲት የአበሻ ምግብ ቤት ከኋላ ክፍል ስድስት ሰባት ሆነን እንሰበሰባለን። ያቋቋመን ተክሌ ነው። አስመራ ልጆችን አማርኛ ያስተምር ነበር፤ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሆቴል አንሶላ ሲያጥብ ኖረ። ግጥም እናነባለን፣ እንከራከራለን፣ እንበላለን። እውነቱን ለመናገር እኔ የምሄደው ለመብሉ ነበር። አንድ ቅዳሜ መጽሐፉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ «ይለፈኝ» አልኩ። ተክሌ ሳቀና፦

«ተዉት እባካችሁ። አስፋው የሚያነበው የመብራት ቦሌታ ብቻ ነው» አለ። ቦሌታ የምንለው የሚከፈልበትን ወረቀት ነው።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። «ከእንቁጣጣሽ እስከ እንቁጣጣሽ አሥራ ሁለት የግጥም መጽሐፍ አነባለሁ» አልኩ። «በወር አንድ። አንዱን በጨረስኩ ቁጥር ከውስጡ አንድ ግጥም እዚሁ ቆሜ አነብላችኋለሁ።»

«በጣትህ እየተከተልክ ነው?» አለኝ ተክሌ።

«በእግሬም ቢሆን!»

ስጀምረው እልህ ነበር፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ግን ነገሩ ጣመኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሌላው ጽሑፍ ገጹን እንደ ግንብ ይሞላዋል፤ እንደኔ ላለ ሰው መግቢያ በር የለውም። ግጥም መስመሩ አጭር ነው፣ ነጩ ብዙ ነው። ደግሞ መስመሩ ሲያልቅ ቤት ይመታል። ቤት ከመታ በትክክል አንብቤያለሁ፣ ካልመታ ተሳስቻለሁ፤ ተመልሼ አየዋለሁ። አራሚ አያስፈልገኝም። ዕድሜ ልኬን ደብዳቤዬን ሰው ሲያነብልኝ፣ ኮንትራቴን ሰው ሲያስረዳኝ ኖርኩና በሰባ አንድ ዓመቴ ማንም ሳያግዘኝ ትክክል መሆኔን የማውቅበት ነገር አገኘሁ። እስከ ጥር ድረስ አራት መጽሐፍ ጨረስኩ። በትራም ላይ አነባለሁ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አነባለሁ። ሣራ «አባዬ፣ ድንቹ አረረ» እስክትለኝ ድረስ።

የካቲት ላይ፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ማጅራቴን አንድ ነገር ወጋ አደረገኝ። በቀኝ በኩል የመስኮቱ ብርሃን እንደ ውሃ ተንቀጠቀጠ። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየብኝና ተወኝ። ራስ ምታቱ ግን አልለቀቀኝም። ሣራ ሥራ ሄዳለች። አንድ የራስ ምታት ክኒን ውጬ ተኛሁ። ማታ ስትመጣ «ደኅና ዋልክ?» አለችኝ። «ደኅና» አልኳት።

እዚህ ላይ ቆሜ ልጮህ ነው። ያን ቀን ነበር መሄድ የነበረብኝ! በዚያው ሰዓት! እጄ አልደከመ፣ አፌ አልተጣመመ፣ ስለዚህ ምንም አይደለም አልኩ። ሰው እጅና እግሩ ከሠራለት ጤነኛ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ከያዛችሁ «ተወኝ» ብላችሁ አትተኙ።

አምስተኛው መጽሐፍ የተክሌ ነው፤ በመካከላችን ሲዞር ቆይቶ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ደረሰ። ከፍቼ ሳነበው ቤት አይመታም። ለምሳሌ ገጣሚው የጻፈው እንዲህ ነበር፤ አሁን ነው የማውቀው፦

የሰው አገር ዝናብ ስሜን አይጠይቅም፣
ይመታኛል እንጂ ማንነት አያውቅም።

እኔ ያየሁት ደግሞ እንዲህ ነው፦

የሰው አገር ዝናብ ስሜን
ይመታኛል እንጂ ማንነት

የቀረው ጨለማ ሆኖ ቢታየኝ ኖሮ አውቅ ነበር። ጨለማ የለም፣ ጥላም የለም። መስመሩ እዚያ ላይ ያለቀ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ጥፋቱን ለገጣሚው ሰጠሁት። ተክሌ ጋ ደወልኩ።

«ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? ሐሳቡን አንጠልጥሎ ጥሎት ይሄዳል።»

«የዘመኑ ስልት ነው» አለኝ፣ እየተማረ እንደሚያስተምር ሰው። «አንባቢው ራሱ ይሙላው ብለው ነው። በርታ አስፋው፣ ገባህ ማለት ነው!»

እሱ የተናገረው ስለ ምሥጢሩ ነው፤ እኔ የጠየቅሁት ስለ ቃሉ ነው። ሁለታችንም ደስ ብሎን ስልኩን ዘጋን።

ቅዳሜ ዕለት፣ መጽሐፉን ገና ሳልጨርሰው፣ ከውስጡ ቆሜ አነበብኩ። አሁን የጠረጴዛችንን ልማድ ማወቅ አለባችሁ። ሁሉም የሚያውቀው ግጥም ሲነበብ አንባቢው ጫፍ ላይ ሲደርስ ዝም ይልና ጫፉን ለጠረጴዛው ይለቃል፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይደፉታል። ጥሩ አንባቢ የሚባለው የት ላይ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ነው። መጽሐፉን ደግሞ ከኔ በፊት ሁሉም አንብበውታል። እኔ «የሰው አገር ዝናብ ስሜን» ብዬ መስመሩ አለቀብኝና ቆምኩ። ጠረጴዛው በሙሉ፦

«አይጠይቅም!»

ደነገጥኩ። ቀጠልኩ። «ይመታኛል እንጂ ማንነት...»

«አያውቅም!» ጠረጴዛውን ደበደቡት።

«ላንብብበት እንጂ!» አልኩ ተቆጥቼ። ይሄ ደግሞ የጨዋታው አካል መሰላቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ። «አስፋው አንባቢ ወጣው!» ተባለ። ተክሌ ተነሥቶ ሳመኝ። እኔ ግን ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። አፌ ላይ የሚነጥቁኝ፣ አላዋቂ ነው ብለው ሊያሾፉብኝ ነው አልኩ። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። ሦስት ቅዳሜ ግማሽ ዓይኔ ጠፍቶ ሲጨበጨብልኝ ዋለ።

አራተኛው ቅዳሜ ቀረሁ።

ከዚያ በፊት ዝም አላልኩም፣ መነጽሬ ነው ብዬ ሰፈራችን ካለው መነጽር ቤት ሄጃለሁ። ልጁ ፊደል አስነበበኝ፤ አንድ ትልቅ ፊደል መካከል ላይ ያሳይሃል፣ እሱን አየዋለሁ። አዲስ መስታወት ገጠመልኝ። መስመሩ አሁንም አጭር ነው፣ ግን በጣም ጥርት ብሎ አጭር ነው። ከዚያ ሜዲኮ ጋ ሄድኩ፤ የሰፈር ሐኪማችንን ነው እንዲህ የምንለው። ቀና ብሎ ሳያየኝ ኮምፒውተሩን እየነካካ፦

«ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሰባ አንድ።»

«አሎራ...» አለና፣ «እንግዲህማ» እንደማለት ነው፣ እጁን ዘረጋ። መልሱን በዕድሜዬ ላይ ያገኘው መሰለው። የዓይን ጠብታ ጻፈልኝ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ነገር ተበላሸ። ቀኝ ትከሻዬ የበሩን መቃን እየመታ ጠቆረ። ብርጭቆ በክርኔ እጥላለሁ። ሣራ በቀኜ ተቀምጣ ስታወራኝ ዞር አልልም፣ እጇን ብትዘረጋልኝ አልቀበላትም። አንድ ቀን ሹካዋን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገችው።

«አባዬ፣ ምን አደረግኩህ? ለምንድን ነው ፊት የምትነሣኝ?»

«ማን ፊት ነሣሽ?»

«ሰላጣውን ሦስት ጊዜ አቀበልኩህ! ባስታ! በቃኝ!» ብላ ተነሣች። እሷ ስትናደድ ሙሉ በሙሉ ጣሊያንኛ ትሆናለች፣ እኔ ስናደድ ዝም እላለሁ። ሁለት ሳምንት በጣሊያንኛና በዝምታ ኖርን።

በመጨረሻ ኦኩሊስታ፣ የዓይን ስፔሻሊስት ማለት ነው፣ ተራ ደረሰኝ። መብራት አበራብኝና «ካታራታ ጀምሮዎታል» አለኝ። የዓይን ሞራ ነው። ሁለቱም ዓይን ላይ ቀጭን ሞራ አለ፣ ይገፈፋል፣ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ መኸር ላይ ይጠሩዎታል አለኝ። ሞራው ውሸት አይደለም፣ ነበረብኝ። ግን የኔ በሽታ እሱ አልነበረም። ሰው አንድ እውነተኛ ነገር ካገኘ በኋላ ሌላውን መፈለግ ያቆማል፤ ሐኪሙም አቆመ፣ እኔም አቆምኩ። መጽሐፉን ዘግቼ ፍሪጁ ላይ አስቀመጥኩትና ሞራው እስኪገፈፍ መጠበቅ ጀመርኩ። ሚያዝያ አለፈ። አሥራ ሁለት ያልኩት መጽሐፍ አራት ላይ ቆመ። ሰው ሲጠይቀኝ «ዓይኔን ነው» እላለሁ፤ በልቤ ግን ሌላ ነገር እፈራ ነበር። አእምሮዬ የሚከዳኝ መሰለኝ። የተማርኩት ፊደል በኋላ ስለመጣ ቀድሞ የሚሄድ መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ግንቦት ላይ ተክሌ ቤቴ መጣ። መጽሐፉን ሊወስድ ነው ብዬ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም።

«ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው? አኮረፍክ?»

«አፌ ላይ የሚነጥቁ ሰዎች መካከል አልቀመጥም።»

«ምን ነጠቅንህ?»

«ቃሉን ነዋ! ገጣሚው ያልጻፈውን እየጨመራችሁ!»

ተክሌ አየኝ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና በሣራ የገበያ ወረቀት ጀርባ ላይ አራት መስመር ግጥም ጻፈ። «ገልብጥልኝ» አለኝ።

«ተማሪህ ነኝ እንዴ?»

«ለዛሬ ብቻ።»

እያጉረመረምኩ ገለበጥኩ። ቀስ ብዬ፣ አንድም ፊደል ሳልዘል። ሰጠሁት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዘና ፊቱ ተለወጠ።

«ጨርሰሃል?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሰውዬ፣ ሁሉንም ነው የምልህ!»

እሱ የጻፈበትን ወረቀት ፊቴ አድርጎ በጣቱ ወደ ግራ ጎተተው። ሲጎትተው ቃላት ከባዶ ቦታ ብቅ ብቅ አሉ፤ በየመስመሩ አንዳንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ሁለት ቃል። መልሶ ወደ ቀኝ ገፋው፤ ጠፉ።

«አስፋው» አለኝ፣ «ይሄ መነጽር አይደለም። አሳስቼሃለሁ፣ ይቅር በለኝ፣ ስልት ነው ብዬህ ነበር። ጫማህን አድርግ።»

ፕሮንቶ ሶኮርሶ፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ወሰደኝ። ሣራ ከሥራዋ በቀጥታ መጣች። ሲመዘግቡኝ «መቼ ጀመረዎት?» አሉኝ። «የካቲት» ስላቸው ካርድ የምትጽፈው ልጅ ቆም ብላ «የየትኛው ዓመት?» አለችኝ። ቆየት ያለ ሕመም ስለሆነ ጠብቁ ተባልን። ከጠዋት እስከ ማምሻ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የሚጮህ አለ፣ የሚተኛ አለ፣ ደሙን በፎጣ የያዘ አለ። ስም ሲጠራ ሁሉም ቀና ይላል፣ የኔን ስም ደግሞ ማንም አስተካክሎ ስለማይጠራ በተጠራው ሁሉ እነሣለሁ። አጠገቤ አንዲት ሮማዊት አሮጊት ነበረች። በቀኜ ሆና ስታናግረኝ ቆይታ አልመለስኩላትም። አልተቀየመችም፤ ዞራ መጥታ በግራዬ ተቀመጠችና ኮክ በቢላ ቆርጣ ግማሹን ሰጠችኝ። «እኔም በአንድ ጆሮዬ ነው የምሰማው» አለችኝ። ያን ቀን የቀመስኩት እሱን ብቻ ነው።

ሐኪሟ ገባች። ጠና ያለች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። «አፍንጫዬን ይዩ» አለችኝና እጇን ዘረጋች።

«ጣቴ ሲንቀሳቀስ ይንገሩኝ።»

ጠበቅሁ። ጠበቅሁ።

«መቼ ነው የሚጀምሩት?» አልኳት።

ሐኪሟ ጣቷን ስታንቀሳቅስ ቆይታ ነበር።

ራሴን በማሽን አነሡት። ወደ ማጅራት በኩል፣ ማየትን የሚመራው የአእምሮ ክፍል ላይ፣ አንዲት የደም ሥር ተዘግታ የምትመግበው ቦታ ሞቷል። ዓይኖቼ ደኅና ናቸው፣ ሁለቱም ያያሉ፣ ግን ከሁለቱም ዓይን የቀኙን ግማሽ የሚቀበል የለም። ልቤ ደግሞ ምቱ ይዘላል፣ የረጋ ደም የላከችው እሷ ናት አሉ። የደም ማቅጠኛ ክኒን ጀመሩልኝ። ዕድሜ ልክ ነው። «ሁለተኛ እንዳይመጣ ነው» አለች ሐኪሟ። «ሁለተኛው እንዲህ ላይምርዎ ይችላል።» አእምሮዬ እንዳልከዳኝ ስሰማ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ፊደሉ አለ። የማየው ግማሹን ብቻ ነው።

ሣራ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። «ያን ቀን ደኅና ነኝ አልከኝ። ደኅና ነኝ አልከኝ፣ አባዬ! እኔ ደግሞ ፊት ነሣኸኝ ብዬ...» በግራዬ እንድትቆም ጎተትኳትና ፊቷን አየሁ።

«የጠፋው ይመለሳል?» ብዬ ሐኪሟን ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ውሸት አታውቅም፤ እወድላታለሁ፣ ያን ቀን ግን ጠላኋት። «የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አይጠብቁ።» ሳምንታቱን መነጽር ቤትና ወረፋ በልቷቸዋል። እኔም በልቻቸዋለሁ።

«ማንበብስ?»

«አድካሚ ይሆንብዎታል። የሚነበብ በስልክ ማዳመጥ ይችላሉ።»

ሣራ ያንኑ ዕለት ግጥም የሚያነብ ሰው ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ድምፁ ጥሩ ነው። አንዱን ሰማሁና ዘጋሁት። «ምነው?» አለችኝ። «ሰው ሲያነብልኝማ ስልሳ ዓመት ኖሬያለሁ» አልኳት። «እኔ ያልኩት አነባለሁ ነው፣ እሰማለሁ አላልኩም።» ተክሌም መጥቶ «የሰማኸውን እንቆጥርልሃለን፣ ጠረጴዛው ተስማምቷል» አለኝ። አባረርኩት። ከቤት ማለቴ ነው፤ በማግስቱ ተመለሰ።

ሐኪሟ እልኸኛ መሆኔን አይታ ይሁን ሌላ፣ ዓይን የምታሠለጥን ሴት ጋ ላከችኝ። ሥራዋ እንዲህ ያለ ሰው ዓይኑን ወደ ጠፋው ጎን ልኮ እንዲፈልግ ማስለመድ ነው። መጀመሪያ የጣሊያንኛ ጋዜጣ ሰጠችኝ። ወረወርኩት። በማግስቱ መጽሐፌን ይዤ ሄድኩ። ፊደሉን አገላብጣ አየችውና ሳቀች። «እኔ ይህን ማንበብ አልችልም። በትክክል ማንበብዎን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ከዚያ መላ አገኘች። የእያንዳንዱን መስመር የመጨረሻ ፊደል በጣቴ እንድነካላት አደረገች፤ እሱን እሷም ታየዋለች። ገጹ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች መስመር አሰመረችልኝ። ቀዩን ሳላይ መስመሩ አላለቀም ማለት ነው። ተክሌ በመጽሐፉ ላይ ስትጽፍበት ቢያይ ኖሮ እሱም የደም ሥሩ ይዘጋ ነበር።

ሰኔን በሙሉ፣ ሐምሌን በሙሉ። በአንድ ሰዓት አንድ ገጽ። ራሴን ያመኛል፣ አስታውክ አስታውክ ይለኛል፣ የጀመርኩት መስመር ይጠፋኛል። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ግድግዳ ላይ ወርውሬዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ሴትዮዋ መጽሐፉን ያዘችና አዞረችው፤ ግራው ወደ ላይ፣ ቀኙ ወደ ታች ሆነ። መስመሩ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ያነበብኩት በጨለማው በኩል ይቀራል፣ ያላነበብኩት በብርሃኑ በኩል ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ፊደሉ ሁሉ የሰከረ መሰለኝ። በሳምንቱ ለመድኩት። እስከ ታች ወርጄ ቤት ሲመታ በሰማሁ ቀን ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ተነሥቼ ሣራን ከእንቅልፍ ቀሰቀስኳት፤ እሑድ ጠዋት ነበር። «ኬ ሱቸሶ? ምን ሆንክ?» ብላ በድንጋጤ ዘለለች። «መታ!» አልኳት። «ማን መታህ?»

አሁን በትራም ላይ መጽሐፍ አጋድሞ የሚያነብ ሽማግሌ ካያችሁ እኔ ነኝ። አንዲት ደግ ሴትዮ አንድ ቀን «ስኩዚ፣ ይቅርታ» ብላ ከእጄ ወስዳ አስተካክላ መለሰችልኝ። አመስግኜ እስክትወርድ ድረስ ምንም ሳላነብ ተቀመጥኩ።

እንቁጣጣሽ ሲመጣ ስድስት ላይ ነበርኩ። አሥራ ሁለት ብዬ ስድስት። ጠረጴዛው «ዘንድሮ ትሞላዋለህ» አለ፤ ደግነታቸው አናደደኝ። የተናገርኩትን አልፈጸምኩም፣ ነገሩ ይህ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ማንም «ዕድሜ ነው» ቢላችሁ እሺ ብላችሁ አትውጡ። አንድ ነገር ካገኙባችሁ «ሌላስ?» በሉ። ከአንድ ወገን የሚጠፋባችሁ ነገር ካለ፣ ሳህን ይሁን፣ በር ይሁን፣ ቃል ይሁን፣ «ግማሹን ብቻ ነው የማየው» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ እኔ «ግጥሙ መጥፎ ነው» እያልኩ ሦስት ወር አባከንኩ። ልጆቻችሁንም አትዋሹ።

ኅዳር ላይ ለቁጥጥር ተጠራሁ። ሣራ አብራኝ ሄደች። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፌ ነጥብ መብራት በታየኝ ቁጥር ቁልፍ ተጫንኩ። ሐኪሟ የሰኔውንና የኅዳሩን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። የሰኔው በቀኝ ጥቁር ነው። የኅዳሩም በቀኝ ጥቁር ነው።

«ያው ነው» አለች። «አልሰፋም፣ አልጠበበም።»

«አምስት ወር የለፋሁት?»

«ሲኞር አስፋው፣ ያ ቦታ እንደማይመለስ ነግሬዎት ነበር። በወረቀቱ ላይ ምንም ለውጥ የለም።»

ሰባተኛው መጽሐፍ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አወጣሁት።

«ላንብብልዎት» አልኳት።

«አባዬ፣ ደግሞ እዚህ!» አለች ሣራ በሹክሹክታ። «ሰው ውጭ እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቅ። እኔም ጠብቄያለሁ።»

መጽሐፉን በሁለቱ ጥቁር ወረቀቶች ላይ አጋድሜ አስቀመጥኩትና ጣቴን ከላይ አኖርኩ። ሴትዮዋ አንዲት ቃል አማርኛ አታውቅም። እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። አንድ መስመር ወረድኩ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀስ ብዬ ነው፤ በመካከሉ የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ዘጠነኛው መስመር ላይ ቃሉ አመለጠኝ። ዝም አልኩ። ሣራም ዝም አለች፣ አታውቀውም። በሩ ተንኳኳና ነርሷ አንገቷን አስገባች፤ ቀጣዩ በሽተኛ ተቆጥቷል አለች መሰለኝ።

ሐኪሟ ዓይኗን ከጣቴ ሳታነሣ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

«ቆዪ» አለቻት። «እያነበበ ነው።»

ጣቴን ወደ መስመሩ ራስ መልሼ እንደገና መውረድ ጀመርኩ።